ሞተር ከየት ይተንፍስ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ፣ ደሴ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለንግግሬ መነሻ የሆነኝ እዚሁ ፒያሳ አካባቢ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት ኮሮላ ነው። ባለቤቱ ፍጥነት የሚወድ ወጣት ሲሆን፣ ፋብሪካው የሠራውን የፊልትሮ ሣጥን አስነቅሎ በምትኩ ሾጣጣ ክፍት ፊልትሮ ከኮፈኑ ሥር፣ ከጭስ ማውጫው ጎን አስገጥሞ ነበር። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ጉልበቱም የጨመረ መስሎት ሳለ፣ ከኮምቦልቻ ሲመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ አንድ የጭነት መኪና ሊቀድም ወጥቶ ሞተሩ ከዳው። ከላይ ይወርድ የነበረው አውቶቡስ ፍሬን ይዞ ባያሳልፈው ኖሮ ወጣቱን አላገኘውም ነበር። ስለዚህም የአየር መሳቢያው አፍ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ የጎረምሶች ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልታየኝም።

እንደሚታወቀው ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። የአየሩ ግፊት ኮምቦልቻ ላይ በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 81 ያህሉ፣ ደሴ ላይ ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ በባሕር ጠረፍ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ፒያሳ ሲደርስ 75 ያህል ይቀረዋል ማለት ነው። የደሴ ብርድ ከጎደለው ጥቂቱን ይመልስለታል፤ ይኸውም ብርዱን እንዲተነፍስ ከተፈቀደለት ነው።

የወጣቱ ሞተር ግን አልተፈቀደለትም። አየር በሞቀ መጠን ይሳሳል። የውጪው አየር 15 ዲግሪ ሆኖ ሞተሩ የሚስበው 45 ዲግሪ ከሆነ፣ በየሲሊንደሩ የሚገባው አየር በክብደት ከመቶ ከ9 በላይ ይቀንሳል። ዳገት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መኪናው ቀስ ስለሚል የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ያንሳል፤ ቬንትሌተሩ ከራዲያተሩ ያለፈውን ሙቀት ወደ ሞተሩ ይነፋል፤ የደጋው ስስ አየርም ሙቀት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ነው። የጋራዡ ሽማግሌ መካኒክ ከሐረጎ እንደ ተመለስን እጃቸውን ከፊልትሮው አጠገብ አድርገው፣ «ይህ ሞተር የሚተነፍሰው የራሱን ትንፋሽ ነው» አሉኝ። እኔ በቀመር ካልኩት የሳቸው አነጋገር ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ባልደረቦች ኮፈኑን ቀዶ ወደ ፊት የሚመለከት አፍ ማውጣትን ይመክራሉ፤ ነፋሱ በራሱ ግፊት ይገባል በማለት። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚሁ አምን ነበር። ነገር ግን በደሴ ከፍታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና ከነፋሱ የሚያገኘው ተጨማሪ ግፊት ቢበዛ ከመቶ ግማሽ ያህል ነው፤ በ40 ኪሎ ሜትር ዳገት ሲወጣ ከሺህ አንድም አይሞላ። ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ለእሽቅድምድም መኪና ትርጉም አለው። የፎርሙላ ዋን መኪኖች ከነጂው ራስ በላይ ረጃጅም የአየር ሣጥን ይሸከሙ የነበረውም፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ደንቡ ቁመቱን እስኪያሳጥረው ድረስ፣ በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ከሐረጎ መታጠፊያዎች ጋር ግን የሚገናኝ ነገር የለውም።

ሌላው አማራጭ ከፊት መስታወቱ ግርጌ መሳብ ነው። ነፋሱ መስታወቱን ሲመታ እዚያ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ሸቭሮሌት በ1970 ሞዴል ሸቬል ላይ ኮፈኑን ወደ መስታወቱ በኩል ከፍቶ ተጠቅሞበታል። ጥሩ ቦታ ነው። ሆኖም የደሴን ክረምት ለሚያውቅ ሰው፣ የዝናቡ ውኃ የሚወርድበት መንገድ በሚገባ ካልተሠራ አያስተማምንም።

ከፊት መከላከያው ሥር ማውረድን ግን በጥብቅ እቃወማለሁ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ይሁን እንጂ ጎርፍ በሞላው መንገድ ላይ አንድ ጉንጭ ውኃ ከተሳበ ውኃ አይታመቅምና ቢዬላ ይጎብጣል። አቧራውም የሚበዛው ከመሬት አቅራቢያ ነው።

በመጨረሻ የመረጥነው ከፊት መብራቱ ኋላ፣ በፓራፋንጎው የውስጥ ክፍል፣ ከጎማው ጭቃ በክዳን የተለየውን ቦታ ነው። ከራዲያተሩ ሙቀት ውጪ ነው፤ ከፍታውም ከጎርፍ ያድናል። የፋብሪካው ሣጥን ተፈልጎ ተመለሰ፤ ቧንቧው ሰፋ ብሎ ሹል መታጠፊያ እንዳይኖረው ተደረገ። ይህ ኮሮላ ነዳጅ በኢንጄክሽን የሚረጭ ነው። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ግን በደሴ ጉም ካርቡራተራቸው በረዶ ሊይዝ ስለሚችል፣ ፋብሪካው ሞቅ ያለ አየር የሚያስገባ ክዳን የሠራላቸው ከሆነ ባይነቀል እመክራለሁ።

ከዚያ በኋላ ከወጣቱ ጋር ከኮምቦልቻ ተነሥተን ወጣን። ቀድሞ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይወርድበት የነበረውን መታጠፊያ በሦስተኛ አለፈው። ፒያሳ ደርሰን ሞተሩን ሲያጠፋ ፊቱ ብዙም አልፈካም ነበርና ምን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «ኢንጅነር፣ መውጣቱንስ ወጣ፤ ድምፁን ግን የት አደረሱት?» አለኝ።