የቅርብ ዕይታ መድከምና የዐይን ጠብታው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)




በመድኃኒት ቤት መስኮት በስተጀርባ ቆሞ ያገለገለ ባለሙያ ሁሉ ደጋግሞ ያየው አንድ ነገር አለ። ዕድሜው ከአርባ ዘለል ያለ ደንበኛ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ተቀብሎ የተጻፈበትን ለማንበብ ክንዱን ወደ ፊት ይዘረጋል፤ አንገቱን ወደ ኋላ ይስባል፤ ብርሃን ወዳለበት ዞር ይላል። ጥቂት ከታገለ በኋላም ብልቃጡን መልሶ ያቀብልና «እስቲ አንቺ አንብቢልኝ፣ ልጄ» ይላል። ይህ ሰው በሽተኛ አይደለም። ያገኘው በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የቅርብ ዕይታ መድከም ነው፤ በሕክምና ቋንቋ ፕሬስባዮፒያ ይባላል። ዕድሜ ከሰጠው የሰው ልጅ መካከል ከዚህ የሚያመልጥ የለም። የተማረውን ቀድሞ ያስቸግረዋል፤ ልብስ ሰፊውንና ሸማኔውን ከሥራው ላይ ይደርስበታል፤ ዳዊቱን በቃሉ የሚያውቅ ደብተራ ግን የዐይኑን መድከም ከሁሉ ዘግይቶ ሳይረዳው አይቀርም።

የነገሩ መነሻ በዐይን ውስጥ ያለው ሌንስ ነው። በልጅነት ጊዜ ሌንሱ ለስላሳ ስለሆነ፣ ሲሊያሪ የሚባለው ጡንቻ በተኰማተረ ቁጥር እየጐበጠ ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ያሳያል። ይህን አሠራር ጀርመናዊው ሊቅ ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1855 ገልጾታል፤ የኔዘርላንዱ ሐኪም ዶንደርስም በ1864 ባሳተመው ታላቅ ሥራው የዐይን ችሎታ ከዕድሜ ጋር እንዴት እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። የአሥር ዓመት ልጅ መጽሐፉን አሥር ሴንቲ ሜትር እስከማይሞላ ርቀት አቅርቦ ማንበብ ሲችል፣ የሃምሳ ዓመት ጐልማሳ ያንኑ መጽሐፍ ክንዱ እስከሚደርስበት ማራቅ ግድ ይሆንበታል። ጡንቻው አልሞተም፤ ሌንሱ ነው የደረቀው። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ስለሚነሣው የጠብታ ጉዳይ ብዙ ነገር ይወስናል።

መፍትሔው ለሰባት መቶ ዓመታት ያህል መነጽር ነበር። መነጽር በኢጣሊያ የተገኘው በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1306 በፍሎረንስ ስብከት ያሰማ አንድ መነኩሴ ይህ ጥበብ ከተገኘ ገና ሃያ ዓመት እንዳልሞላው ለምእመናኑ መናገሩ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ በመነጽር ፋንታ በብልቃጥ የሚመጣ መፍትሔ በሐኪም ማዘዣ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቩይቲ የተባለውን ጠብታ ለዚህ ጉዳይ ፈቀደ። ጋዜጦችና ማስታወቂያዎች «የንባብ መነጽር ዘመን አበቃ» እስከ ማለት ደረሱ። የባለሙያ ተግባር ግን ማስታወቂያ ከመስማት በፊት በብልቃጡ ውስጥ ያለውን ማወቅ ነውና ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

በብልቃጡ ውስጥ ያለው አዲስ ነገር አይደለም፤ ፒሎካርፒን ነው። ነባር ፋርማሲስቶች እንደ ቀድሞ ጓደኛ የሚያውቁት መድኃኒት ነው ለማለት ይቻላል። የሚገኘው ጃቦራንዲ ከሚባሉት የብራዚል ዕፀዋት ቅጠል ሲሆን፣ ቅጠሉ ላብና ምራቅ በብዛት የሚያመነጭ መሆኑን ያስተዋለ ኩቲንዮ የተባለ ብራዚላዊ ሐኪም በ1870ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፓሪስ ይዞት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1875 በፈረንሳይ ሀርዲ፣ በእንግሊዝ ጄራርድ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይጠብቅ፣ ፍሬ ነገሩን ለይተው አወጡት። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ዌበር ለግላኮማ ሕክምና አዋለው፤ ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ለሚሆን ጊዜ የብዙ ሰው ብርሃን ጠባቂ ሆኖ ኖረ። ቲሞሎል እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ነው ወደ መደርደሪያው ዳር የተገፋው። የተገፋበትም ምክንያት አልተረሳም፤ በቀን አራት ጊዜ መጨመሩ፣ ቅንድብ ላይ የሚሰማው ሕመም፣ ዕይታን ማጨለሙ ነበር።

አሁን ደግሞ ያ ብሌንን የማጥበብ ጠባዩ፣ ቀድሞ እንደ ጉድለት ይቈጠር የነበረው፣ የተፈለገው ጥቅም ሆኖ ተመለሰ። አሠራሩን ለደንበኛ ማስረዳት ቀላል ነው። በወረቀት ላይ በመርፌ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ በዚያች ቀዳዳ በኩል ቢነበብ፣ ያለ መነጽር የደበዘዘው ፊደል ይጠራል። ከዳር የሚገባው ብርሃን ስለሚታገድና መካከለኛው ብቻ ስለሚያልፍ ነው። ጠብታውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በዐይኑ ቀለም ዙሪያ ያለውን ጡንቻ አኰማትሮ ብሌኑን እንደ መርፌ ቀዳዳ ያጠበዋል። የደረቀውን ሌንስ አያለሰልሰውም፤ ዕድሜንም ወደ ኋላ አይመልስም። ኀይሉ ሲያልቅ ዐይኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ይሁን እንጂ ፒሎካርፒን ብሌኑን ብቻ አይነካም። ከላይ የተጠቀሰውን የሲሊያሪ ጡንቻም ይጐትታል። የራስ ምታቱና የቅንድብ ሕመሙ ከዚህ ይመጣል፤ ሩቁን ለጊዜው ማደብዘዙም እንዲሁ። ለግላኮማ የተለመደው መጠን 2 ከመቶና 4 ከመቶ ሲሆን ለንባብ የተፈቀደው 1.25 ከመቶ እንዲሆን የተደረገው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የተፈቀደው ክሎሲ የተባለው ጠብታ ደግሞ መጠኑን ወደ 0.4 ከመቶ አውርዶታል። በሐምሌ ወር 2025 የተፈቀደው ቪዝ የተባለው ሌላ መንገድ ይከተላል። በውስጡ ያለው አሴክሊዲን 1.44 ከመቶ ሲሆን፣ ይህም በአውሮፓ ለግላኮማ ያገለግል የነበረ መድኃኒት ነው፤ ብሌኑን አብዝቶ እያጠበበ የሲሊያሪውን ጡንቻ ግን ብዙም አይነካም። ኀይሉም እስከ 10 ሰዓት እንደሚቈይ ተገልጿል፤ ቩይቲ ግን የሚቈየው 6 ሰዓት ያህል ነው።

ስለ ጥቅሙ መጠን ቁጥሩ ራሱ ይናገር። ቩይቲ የተፈተነው ጄሚኒ 1 እና ጄሚኒ 2 በተባሉ ጥናቶች፣ ከ40 እስከ 55 ዓመት ባሉ 750 ሰዎች ላይ ነበር። መለኪያውም በደብዛዛ ብርሃን፣ መድኃኒቱ በተጨመረ በሦስተኛው ሰዓት፣ በቅርብ ንባብ ሰሌዳ ላይ ሦስት መሥመር ወይም ከዚያ በላይ መጨመር፣ የሩቁም ዕይታ ሳይጐዳ መቅረት ነበር። በመጀመሪያው ጥናት ከመቶው 31 ሰዎች ይህን ሲያገኙ፣ መድኃኒት አልባ ጠብታ ከተሰጣቸው ደግሞ 8 አገኙ። በሁለተኛው ቁጥሩ 26 እና 11 ነበር። ሦስት መሥመር ከባድ መለኪያ ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ጥቅም ያገኙ ሌሎች መኖራቸው አይካድም። ቢሆንም ከአሥር ሰባት የሚሆኑት ማስታወቂያው የሚያሳየውን ያህል አላገኙም ማለት ነው። የስድሳ አምስት ዓመት አዛውንት ደግሞ በጥናቱ ውስጥ ፈጽሞ አልነበሩም፤ ሌንሳቸው ከሞላ ጐደል የደረቀባቸው ሰዎች ከጠብታው ብዙ እንዲጠብቁ ማድረግ ገንዘባቸውን ማባከን ነው።

ከሁሉ በላይ አባላት ሊያሰቡበት የሚገባው የሌሊቱ ጉዳይ ነው። ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የነበረ ብሌን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ቢጠብ፣ ወደ ዐይን የሚገባው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። በቀን ፀሐይ ይህ አይታወቅም። በሌሊት ግን በጨለማ ላይ ጨለማ ነው። ቪዝን በተጠቀሙት ላይ በተደረጉት ጥናቶች 16 ከመቶ ያህሉ ዕይታቸው መጨለሙን ተናግረዋል። የጠብታዎቹም ማስጠንቀቂያ በሌሊት መኪና ሲነዱ ወይም ብርሃን ባነሰበት አደገኛ ሥራ ሲሠሩ ጥንቃቄ እንዲደረግ ያዝዛል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ታክሲ በመንዳት የሚተዳደሩት ብዙዎች መሆናቸው የታወቀ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው፣ የስልኩን ካርታ ለማንበብ መነጽር ማውጣትና መመለስ ሰልችቶት ጠብታውን ያሳዝዛል እንበል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይጨምራል። በታኅሣሥ ወር በዚያ ከተማ ፀሐይ የምትጠልቀው ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ነው። እንግዲህ መንገዱ ሲጨልም ብሌኑ ገና እንደ ጠበበ ነው፤ ከ2023 መጋቢት ወዲህ በተፈቀደው መሠረት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ቈይቶ ሁለተኛ ጠብታ ከደገመ ደግሞ እስከ ምሽቱ ድረስ ይዘልቃል። ካርታው ይነበባል፤ ጥቁር ልብስ ለብሶ መንገድ የሚሻገረው እግረኛ ግን ላይታየው ይችላል። ለዚህ ሰው የሚበጀው ስለ ሥራውና ስለ ሰዓቱ የሚጠይቀው ፋርማሲስት ማግኘቱ ነው። የአገሩን ቋንቋ የሚናገር ከሆነማ የበለጠ።

ሁለተኛው አደጋ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ ቢሆንም ከባድ ነው። ብሌንን የሚያጠቡ መድኃኒቶች በጥቂት ተጠቃሚዎች ላይ የሬቲና መቀደድና መላቀቅ እንዳስከተሉ ተመዝግቧል። ሩቁን ለማየት መነጽር የሚያደርጉና ቀድሞ የሬቲና ችግር የነበረባቸው ይበልጥ ይሠጋሉ። ስለዚህ ጠብታው ከመታዘዙ በፊት የዐይን ሐኪም ብሌኑን አስፍቶ ሬቲናውን መመርመር አለበት። በመኪና መስኮት ላይ እንዳለ ሰው ብልጭታ፣ ተንሳፋፊ ነጠብጣብ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ያየ ተጠቃሚ ደግሞ ነገን ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም መሄድ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ በአገር ቤት መድኃኒት ቤት ሊያጋጥም የሚችል አንድ ጥያቄ አለ። ልብስ ሰፊው አዛውንት ይመጡና «ልጄ፣ ጐረቤቴ ለግላኮማ የታዘዘላቸው ጠብታ ያው ነው ይላሉ፤ መርፌ ለመሰካት ያህል ከእሳቸው ብወስድስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው ሞኝነት አይደለም፤ ሥሩ አንድ መሆኑን በትክክል ሰምተዋል። መልሱ ግን «አይሆንም፣ አባባ» ነው። በመጠኑ ከፍ ያለው ጠብታ የራስ ምታቱንና የሩቁን መደብዘዝ ያብሳል። በቤት በውሃ ማቅጠን ደግሞ የጸዳውን መድኃኒት የተሕዋስያን መኖሪያ ያደርገዋል። አንድ ብልቃጥ ለሁለት ሰው መጋራትም የአንዱን በሽታ ወደ ሌላው ማሻገር ነው። ከዚህም ሌላ የአዛውንቱ ዐይን የደከመው በሌላ ምክንያት፣ በራሱ በግላኮማ ወይም በሞራ ግርዶሽ፣ ሊሆን ይችላልና ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም።

ለእኒህ ልብስ ሰፊ የሚገባው መልስ መነጽር ነው። በአሜሪካ ቩይቲ ሲወጣ የአንድ ወር ዋጋው 80 ዶላር ገደማ እንደ ነበር ተዘግቧል፤ የንባብ መነጽር ግን በጥቂት ዶላር ተገዝቶ ዓመታት ያገለግላል። ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነም በሚገባ ተለክቷል። በሕንድ አገር በአሳም ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያላነሰ 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ መነጽር የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ምርታቸው ወደ 22 ከመቶ ብልጫ ማሳየቱን ገልጿል። በባንግላዴሽ 824 ሰዎች የተካፈሉበትና በ2024 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከስምንት ወር በኋላ የመነጽር ባለቤቶች ገቢ ወደ 33 ከመቶ መብለጡን አረጋግጧል። እንዲህ ያለ ውጤት ያስገኘ ጠብታ እስከ አሁን አልተሰማም። ሆኖም በዓለም የጤና ድርጅት የ2019 ሪፖርት መሠረት የቅርብ ዕይታቸው ከደከመባቸው 1.8 ቢሊዮን ሰዎች መካከል 826 ሚሊዮኑ ተገቢውን መነጽር አላገኙም። ቡና በመልቀም የሚኖሩ ሴቶች፣ ጥልፍ ጠላፊዎች፣ የትርፍ ሰዓት መምህራን ከእነዚህ ውጪ አይደሉም። አዲስ ብልቃጥ ሲመጣ ብዙ ጽሑፍ ይጻፋል፤ የመነጽር ጉዳይ ግን ዜና አይሆንም። ይህ ያስቆጫል።

ይህ ሲባል ጠብታው ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ሬቲናው የተመረመረ፣ ሥራው በቀን ብርሃን የሆነ፣ ዋጋውን መሸከም የሚችልና መነጽር በሥራው ጠባይ የሚያስቸግረው ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። የቀዶ ሐኪም፣ ፊቱ በላብ የሚታጠብ ምግብ አብሳይ፣ በመድረክ ላይ የሚታይ ተዋናይ በምሳሌነት ሊጠቀሱ ይችላሉ። እነርሱም ቢሆኑ መነጽራቸውን ከኪሳቸው ማራቅ አይገባቸውም፤ ኀይሉ በሰዓት የተወሰነ ነውና።

የቀረው የአሰጣጥ ነገር ነው። የጠብታው ማስጠንቀቂያ የሚታተመው እጅግ በደቀቀ ፊደል ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ የደቀቀ ፊደል ማንበብ ባይችል ነው መድኃኒቱን የሚወስደው። ስለዚህ ፋርማሲስቱ የሌሊቱን ነገር፣ የራስ ምታቱን፣ ብልጭታ ቢታይ ምን እንደሚደረግ፣ ሌንስ በዐይኑ የሚያደርግም ከሆነ አስቀድሞ አውጥቶ ከጠብታው በኋላ 10 ደቂቃ መቈየት እንዳለበት በቃል ይንገር። በፖስታው ላይም በወፍራም እስክርቢቶ፣ በትልቅ ፊደል «ሲመሽ መኪና አይንዱበት» ብሎ ይጻፍ። ከዚያም ፖስታውን ለደንበኛው አቀብሎ ክንዱን ሳይዘረጋ ማንበብ መቻሉን ይመልከት።