የልጃችን ገንፎ ምን ያህል ይገነባል?



ፊደል ቆጥረናል፤ መደመርና ማካፈልም ተምረናል። እንግዲህ ዛሬ ይህንኑ ትምህርት ይዘን ወደ ማድ ቤት እንግባ። የምንነጋገረው ለሕፃን ስለሚሠራ ገንፎ ነው።

በየካና በእንጦጦ ተራሮች ብዙ እናቶች በማለዳ እንጨት ተሸክመው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። እስኪመለሱ ድረስ ሕፃኑ የሚጠብቀው ማለዳ የተሠራለትን ምግብ ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ሌላ ምግብ መጨመር አለበት። የሚጨመርለት ቀጭን የገብስ አጥሚት ብቻ ከሆነ ግን ሆዱ ይሞላል እንጂ ሰውነቱ አይጠነክርም። ክብደቱ አይጨምርም፤ በሽታም ቶሎ ይጥለዋል። ያን ጊዜ «ዓይን በላው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው ገንቢ ምግብ ነው፤ ይህም ፕሮቲን ይባላል።

በ1950ዎቹ በስዊድን እርዳታ አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቁሞ ነበር። ፋፋ የተባለው የሕፃናት ዱቄት የመጣው ከዚያ ነው። ፋፋ ውስጥ ስንዴና ጥራጥሬ አብረው ተፈጭተዋል። ለምን ቢባል፣ እህል የጎደለውን ጥራጥሬ ይሞላል፤ ጥራጥሬ የጎደለውንም እህል ይሞላል። ታዲያ ገብስና ባቄላ በእጃችን አሉ አይደለም እንዴ?

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በመጀመሪያ መለኪያችንን እንወቅ። ወፍጮ ቤት 1 ኪሎ ዱቄት እናስመዝንና በቤታችን ብርጭቆ እንስፈረው። 10 ብርጭቆ ከወጣው፣ 1000 ግራም ለ10 ሲካፈል አንዱ ብርጭቆ 100 ግራም ይይዛል ማለት ነው። ይህን በወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። ከዚያ ወዲያ ሚዛን አያስፈልገንም።

100 ግራም የገብስ ዱቄት ወደ 10 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። 100 ግራም የባቄላ ዱቄት ደግሞ ወደ 25 ግራም ያህል አለው። እንግዲህ 3 ብርጭቆ ገብስ ብቻ ብናገነፋ 30 ግራም እናገኛለን። 2 ብርጭቆ ገብስና 1 ብርጭቆ ባቄላ ብንቀላቅል ግን 20 ሲደመር 25፣ ማለት 45 ግራም ይሆናል። ገንፎው 5 ሳህን ከወጣው፣ ለአንዱ ሳህን ከገብሱ 6፣ ከድብልቁ ግን 9 ግራም ይደርሳል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 13 ግራም ያህል ፕሮቲን ይፈልጋል። ሁለት ሳህን የገብስ ገንፎ 12 ብቻ ይሰጠዋል፤ ድብልቁ 18 ይሰጠዋል። ከእህል የተገኘው ሁሉ በሰውነት ስለማይውል ትርፉ ያስፈልጋል።

ልብ እንበል፤ ውኃ ቁጥሩን አይጨምርም። ገንፎውን አቅጥነን 10 ሳህን ብናደርገው ለአንዱ ሳህን የሚደርሰው 9 መሆኑ ቀርቶ አራት ተኩል ይሆናል። የልጅ ሆድ ትንሽ ስለሆነች ወፍራም ገንፎ ይሻላል። ለጉልበት ደግሞ ጥቂት ዘይት ጠብ እናድርግበት፤ 1 ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ሲሰጥ 1 ግራም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ብቻ ነው። ባቄላውንም ቆልተን፣ ከክተን፣ ገለባውን አራግፈን እናስፈጨው፤ ለልጅ ሆድ ይቀለዋል።

ቁጥር ግን ሁሉንም አይናገርም። ጓያን ብንመለከት በፕሮቲን ከባቄላ አያንስም። ይሁን እንጂ ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ ከተሽመደመደም አይድንም። ስለዚህ ባቄላ ባይኖር በአተር፣ በሽምብራ ወይም በምስር እንተካ እንጂ በጓያ አንተካ።

በሉ እንግዲህ፣ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። አንዲት እናት 4 ብርጭቆ ገብስና 2 ብርጭቆ ባቄላ ቀላቅላ ብታገነፋና 9 ሳህን ቢወጣው፣ ለአንዱ ሳህን ስንት ግራም ፕሮቲን ይደርሳል? መልሱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። ገንፎውንም ሠርታችሁ ለልጆቻችሁ አቅምሱ።