ፓራፋንጎ ከላሜራ



ቮልስ የምንላት መኪና የመጨረሻዋ በሜክሲኮ የተሠራችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ፓራፋንጎዋ የታጣ እንደሆነ ባትላሜራው ከጠፍጣፋ ላሜራ ያወጣዋል። ቃሎቹ የጣልያን ናቸው፤ ብልሃቱ ግን የእጅ ነው። ላሜራው በሁለት አቅጣጫ መጉበጥ ስላለበት ማጠፍ ብቻ አይበቃም። መካከሉ በአሸዋ ከረጢት ላይ በመዶሻ እየተደበደበ ይለጠጣል፤ ጠርዙ በእሳት ግሎ ይሰበሰባል። ልኩ ከደኅናው ጎን በካርቶን ይነሣና ለማዶው ይገለበጣል። (ዝገቱን በስቱኮ የሚሸፍነውንስ ባለሙያ አንለውም!)

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ነዋሪው ተበትኗል። ይህ ሙያ ደግሞ የሚተላለፈው ከባለሙያው አጠገብ ቆሞ በማየት ነው። ስለዚህ የቴክኖሎጂ ተማሪዎቻችን በየጋራዡ ያሉትን ካርቶኖች ሳይጣሉ ለክተው ይሣሉ፤ ሥዕሉም በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥልን እንላለን።