በርጩማው፣ ላቡና ፎቶግራፉ



ቀድሞ ባለቅኔ የነበረው አሜሪካዊው ቪቶ አኮንቺ፣ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው በርጩማ አቆመ። ለዚሁ በመደባቸው አራት ወራት፣ በየማለዳው፣ በደቂቃ 30 ጊዜ ሒሳብ፣ አቅሙ እስኪከዳው ድረስ ያለ ዕረፍት ይወጣበትና ይወርድበት ነበር። የችሎታውንም መሻሻል እየመዘገበ ለሕዝብ ያስታውቅ ነበር።

ታዲያ ጥበቡ የቱ ላይ ነው? በርጩማው ተራ የቤት ዕቃ ነው፤ ላቡም ደርቋል። ጥበቡ አስቀድሞ በተወጠነው ሕግና ለዚያ ሕግ በመታመን ላይ ነው። ጥቁርና ነጩ ፎቶግራፍ አንዲት ቅጽበት ይዞ ቀርቷል፤ የማለዳዎቹን ብዛት ግን ሊቈጥር አይችልም። ቈጠራውን የያዘው ከጐኑ የተጻፈው ቃል ነው።

አኮንቺ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ዐርፏል፤ ድካሙን የሚመሰክሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ ምስሉን ከጽሑፉ የሚነጥል መዝገብ ጠባቂ፣ ወረቀቱን ጠብቆ ሥራውን ያጠፋል።