ስክሪኑ ዝም ሲል



ዛሬ ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ ሶፍትዌር ለምትሠሩት ልጆቻችን አደራ የምለው ነገር አለኝ። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ገበያ ዕቁብ የሚጥል ነጋዴ ስለ ገንዘቡ ሐሳብ አይገባውም። ጸሐፊው ስሙ ላይ ምልክት ሲያደርግ ያያል፤ ዕጣው ዓይኑ እያየ ይወጣል፤ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ ይወስዳል። መመሪያ ያነበበለት የለም። ሁሉም ነገር በፊቱ ስለሚደረግ አሠራሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ ገንዘብ መላክ እየተለመደ መጥቷል። እናንተም ነገ እንዲህ ያለ መተግበሪያ ትሠሩ ይሆናል። እዚያ ግን ሥራው እንደ ዕቁቡ በነጋዴው ፊት አይደረግም። ነጋዴው «ላክ» የሚለውን ይነካል፤ ኔትወርኩ ይዘገያል፤ ስክሪኑ ዝም ይላል። ዝምታው ለእሱ «አልሄደም» ማለት ነው። ደግሞ ይነካል፤ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። ሰርቨሩ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ጥፋተኛ የሚባለው ነጋዴው ነው። ይህ ያንገበግበኛል! «ትእዛዝዎ ደርሶናል፤ ገንዘቡ ገና አልተላለፈም፤ እባክዎ ድጋሚ አይላኩ» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ሰውየው ባልከሰረ ነበር።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ለሚነሳ አውቶቡስ ትኬቱ ላይ 06:00 ብላችሁ ብትጽፉ፣ አንዲት እናት እኩለ ቀን ላይ መናኸሪያ ይደርሳሉ። አውቶቡሱ ከሄደ ስንት ሰዓቱ! «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉላቸው። ቀኑንም በእኛው አቆጣጠር አድርጉት፤ ጳጉሜንም አትዝለሏት።

አሜሪካዊው የዲዛይን ተመራማሪ ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን የሠሪና የተጠቃሚ አለመግባባት አብራርቶታል። ሠሪው ስለ ሥራው በልቡ የያዘው ሥዕል አለው፤ ተጠቃሚውም የራሱ አለው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዕቃው ራሱ ብቻ ነው። እናንተ ከነጋዴው አጠገብ ቆማችሁ «ይሄ እኮ እንዲህ ለማለት ነው» ልትሉት አትችሉም፤ ማለት ያለባችሁን ሁሉ ስክሪኑ ይበልላችሁ።

ስለዚህ የሠራችሁትን አብሯችሁ ለተማረ ጓደኛ ብቻ አታሳዩ። ገበያ ውረዱና ቆጮ ለሚሸጡ እናት ስጧቸው። «እማማ፣ ይህን ቢነኩት ምን የሚሆን ይመስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም ብላችሁ አዳምጡ፤ ለማስረዳት አትቸኩሉ። እሳቸው የጠበቁትና ፕሮግራሙ የሚያደርገው ካልገጠመ፣ ፕሮግራሙን ቀይሩት።