ስለ ከተማችን መጓጓዣና ስለ ኳስ እንግዶች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 የመረጥነው ርእስ የእግር ኳስን ይመለከታል፤ ይሁን እንጂ የምንናገረው ስለ ጎል ሳይሆን ስለ መንገድ ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች። በጥር 1954 ዓ.ም. አራት ቡድኖች በአዲስ አበባ ተገናኙ፤ የእኛም ቡድን ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአሥመራ፣ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስምንት ስምንት ቡድኖች ተጋጠሙ። ዛሬ ግን ተሳታፊዎቹ 24 ስለ ሆኑ አንድና ሁለት ከተማ አይበቃም። ኢትዮጵያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2029ኙን ዋንጫ ለማስተናገድ ፍላጎቷን ገልጻለች። ሐዋሳችንም በኅዳር 2008 ዓ.ም. የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ እንግዶችን ተቀብላለች። እንግዲህ ትልቁ ተራ ቢደርሰን ሕዝቡን በምን እናመላልሰዋለን?

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። 12,000 ተመልካች መጓጓዣ ፈለገ እንበል። ባጃጅ 3 ሰው፣ ሚኒባስ 12 ሰው፣ ትልቅ አውቶቡስ 60 ሰው ቢይዝ፣ በባጃጅ ብቻ 4,000፣ በሚኒባስ 1,000፣ በአውቶቡስ ግን 200 ጉዞ ይበቃል። ሕዝቡ ወደ ስታዲየም ሲመጣ ቀስ በቀስ ነው፤ ሲወጣ ግን በአንድ ፊሽካ ነው። ስለዚህ ዋናው ፈተና ያለው በመውጫው ሰዓት ነው።

ታዲያ ባጃጅ በዚያን ቀን ከመንገድ ይወገድ? እኛ እንዲህ አንልም። ከመካከላችን የብዙዎቻችን ደብተርና የደንብ ልብስ የተገዛው አባት ወይም ወንድም በባጃጅ ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ነው። እንግዳን ለማክበር ሲባል የቤት ሰው ጾሙን ማደር የለበትም። በደቡብ አፍሪካ፣ ለ2002 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ዝግጅት በጆሃንስበርግ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ ሲሠራ፣ የታክሲ ባለንብረቶች «እንጀራችን ተወሰደ» በማለት ተቃወሙ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በመንገዱ የተነኩት ባለንብረቶች የአውቶቡሱ ድርጅት ባለአክሲዮን ሆኑ። ከዚህ የምንማረው ሾፌሩን ከዕቅዱ በኋላ ሳይሆን ከዕቅዱ በፊት መጥራት እንደሚገባ ነው።

ስለዚህ አሳባችን የሚከተለው ነው።

1ኛ/ አውቶቡስ በዋናው ጎዳና ይመላለስ፤ ባጃጅ ደግሞ ሰዉን ከየሰፈሩ እያመጣ ለአውቶቡሱ ያስረክብ፤ ማታም ተቀብሎ ወደየቤቱ ያድርስ። ታሪፉም አስቀድሞ ተጽፎ ይለጠፍ።

2ኛ/ ከተማችን ሜዳ ናት፤ ብስክሌትም የቆየ ወዳጇ ነው። ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድና ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ቢዘጋጅ ብዙ ሰው መኪና አያስፈልገውም።

3ኛ/ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ በማናቸውም ሰዓት አይዘጋ። ምጥ የጨዋታውን ማለቅ አይጠብቅምና።

4ኛ/ ነጂዎች መንገዱን አስቀድመው ይለማመዱት። ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ባሸነፈችበት በ1988ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ፣ ከሌላ ከተማ የመጡ ነጂዎች መንገዱ ጠፍቷቸው ስፖርተኞችና ጋዜጠኞች መዘግየታቸው ይታወሳል።

ምናልባት «ዋንጫው ባይመጣስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው፤ ሐዋሳ ብዙ ሕዝብ መቀበልን ከኳስ አልተማረችም። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ምእመናን ከሩቅ አገር ይመጣሉ። በፊቼ ጨምበላላም ሕዝቡ ወደ ጉዱማሌ ይጎርፋል። በእነዚህ ቀናት ልጇን አዝላ፣ ባጃጅ አጥታ፣ በጨለማ በእግሯ የምትመለስ እናት አለች። እንግዲያስ ዕቅዱን በእነዚህ በዓላት እንሞክረው። እኛም ተማሪዎች በየማቆሚያው ቆመን መንገድ ለማሳየትና ሽማግሌዎችን ለመደገፍ ዝግጁ ነን።

ዋንጫው ቢመጣ ተለማምደን ይጠብቀናል፤ ባይመጣም ያቺ እናት በጊዜ ቤቷ ትገባለች። ለዚህ ብቻ እንኳ ድካሙ የሚገባ ነው።