መብራቱን ማን ያጠፋዋል? በንግድ ሕንፃዎች ውስጥ ስላሉ የዲጂታል መብራት ቁጥጥር ሥርዓቶች

ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ሳየው ለእኔም ደረቅ ሆኖ ስለታየኝ፣ በአንድ የሌሊት ገጠመኝ ልጀምር።

ከሁለት ዓመት በፊት ከውጭ የምትመጣ እኅቴን ለመቀበል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እየነዳሁ ነበር። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት በጨለማ ተውጧል። ድንገት መብራት መጣና በግራዬ በኩል አንድ ባለ 11 ፎቅ የንግድ ሕንፃ ከምድር ቤቱ እስከ ጣሪያው በአንድ ቅጽበት ቦግ አለ። ሕንፃውን አውቀዋለሁ፤ የመብራት ሥርዓቱን በተመለከተ ባለቤቱን ያማከርሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ስሜት፣ አልደብቃችሁም፣ ኩራት ነበር። ጥቂት እንደ ነዳሁ ግን ጥያቄው መጣብኝ፦ በዚህ ሰዓት በውስጡ ከጥበቃ በቀር ማንም የለም። ታዲያ ይህ ሁሉ ብርሃን የበራው ለማን ነው? ሕንፃው የተገዛለት ሥርዓት እኮ ሰው ሲወጣ መብራቱን በራሱ እንዲያጠፋ የታሰበ ነበር።

በቋንቋችን «መብራት» የሚለው ቃል ኃይሉንም ብርሃኑንም በአንድነት ይይዛል። «መብራት ጠፋ» ስንል አምፖሉ ተቃጠለ ማለታችን አይደለም፤ መላው ሰፈር ኃይል አጣ ማለታችን ነው። ይህ የቃል ነገር ብቻ አይመስለኝም። የመብራት ቁጥጥር ሥርዓቶች በብዛት የተነደፉት ኃይሉ ዘወትር እንዳለ በሚቆጠርባቸው አገሮች ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሁለቱ «መብራቶች» አብረው ይሄዳሉ፣ አብረውም ይመለሳሉ። በዚያ ሌሊት ያየሁት የዚህ ውጤት ነው፤ እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ነገሩን ከመሠረቱ መያዝ ይኖርብኛል።

በቀድሞው አሠራር ማብሪያ ማጥፊያው የሚያቋርጠው ኃይሉን ራሱን ነው። የትኛው መብራት ለየትኛው ማብሪያ እንደሚታዘዝ የሚወስነው ከግድግዳ ወደ ኮርኒስ የሚወጣው ሽቦ ነው። ፎቁ ለተከራዮች በጂፕሰም ሲከፋፈል ማብሪያው በአንዱ ተከራይ ዘንድ፣ መብራቱ በሌላው ዘንድ ይቀራል፤ ከመካከላችሁ ይህን ጭቅጭቅ ያላየ ያለ አይመስለኝም። በዲጂታሉ አሠራር ግን ኃይሉ ለሁሉም መብራት ዘወትር ይደርሳል፤ ትእዛዙ የሚጓዘው በሌላ መስመር ነው። በስፋት የሚታወቀው መስፈርት ዳሊ ይባላል፤ ቁጥሩም አይ.ኢ.ሲ. 62386 ነው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መለየት የማያስፈልጋቸው ሁለት ሽቦዎች እስከ 64 መብራቶችን ያገናኛሉ። መልእክቱ የሚሄደው በሰከንድ 1,200 ቢት ነው። በኪሳችሁ ባለው ስልክ ሲመዘን የኤሊ ጉዞ ነው፤ ነገር ግን «ቡድን 3፣ ወደ ግማሽ ውረድ» ለማለት ይበቃል። ፎቆች ሲበዙ መስመሮቹ በየመቆጣጠሪያ ሳጥናቸው አልፈው ከሕንፃው ኔትወርክ ጋር ይገናኛሉ፤ በዚያም የሰዓት ሰሌዳውን፣ የሴንሰሮቹን ንባብና የተከራዩን ክፍፍል የሚይዝ ሰርቨር ይቀመጣል። ግድግዳ ሲፈርስ ሽቦ መንቀል ቀረ፤ ቡድኑን በሶፍትዌር መለወጥ ይበቃል።

አሁን የምነግራችሁ ክፍል ግን በሻጮች ብሮሹር ላይ አይገኝም። የመብራቱ ድራይቨር ከፋብሪካ ሲመጣ ስም የለውም። መቆጣጠሪያው በመጀመሪያው ቀን መስመሩ ላይ ያሉትን ሁሉ ዕጣ ያስወጣቸዋል፦ እያንዳንዱ ድራይቨር ባለ 24 ቢት የዘፈቀደ ቁጥር፣ ማለትም ከ16,777,216 አንዱን፣ ለራሱ ያወጣል። ከዚያ መቆጣጠሪያው «ቁጥሩ ከዚህ የማይበልጥ አለ?» እያለ ይጠይቃል። መልሱ ወይ «አዎን» ነው ወይ ዝምታ። በእያንዳንዱ ጥያቄ ክልሉን በግማሽ እያጠበበ ትንሹን ቁጥር ያገኘዋል፤ አጭር አድራሻ ይሰጠዋል፤ ዝም እንዲል ያዘውና ወደሚቀጥለው ያልፋል። የኮምፒውተር ተማሪዎች ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ አዎን፣ በመጀመሪያ ዓመት የተማራችሁት የግማሽ በግማሽ ፍለጋ ነው፣ በኮርኒስ ውስጥ የሚኖር።

ውጤቱን ግን አስተውሉ። አድራሻው የታደለው በዕጣ እንጂ በቦታ አይደለም። 17 ቁጥር በምሥራቁ መስኮት ጥግ፣ 18 ቁጥር በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው የፎቁን ፕላን ይዞ ይቆማል፤ 17ን ብልጭ ድርግም ያደርጋታል፤ ቀና ብሎ የት እንዳለች ይፈልጋል፤ በፕላኑ ላይ ይጽፋል። ከዚያ 18ን። ከዚያ 19ን። ለእያንዳንዱ መስመር፣ ለእያንዳንዱ ፎቅ። ይህን ሥራ በአግባቡ የሠራ ሰው ማታ አንገቱ ይነግረዋል። ከዚያ ድካም የሚወጣው ዝርዝር፣ ቁጥርና ቦታን ያጋባው ያ ሰንጠረዥ፣ በእኔ ግምት ከሽቦውም ከሰርቨሩም የሚበልጥ ንብረት ነው። ሽቦ ይገዛል። ዝርዝሩ ግን የሚተካው ከእንደገና አንገት በማቅናት ብቻ ነው።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። በእያንዳንዱ ድራይቨር ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ መብራቱ በምን ደረጃ ይብራ የሚለውን ይወስናል፤ ሁለተኛው የትእዛዙ መስመር ሲሞት ምን ያድርግ የሚለውን። ፋብሪካው ሁለቱንም 254 አድርጎ ይልካቸዋል፤ 254 ሙሉ ብርሃን ማለት ነው። ምክንያቱ ጤናማ ነው፦ ሥርዓቱ ቢታመም ሰው በደረጃ ላይ በጨለማ እንዳይቀር። ኃይል በዓመት አንዴ በሚጠፋበት ከተማ ይህ ማንንም አይጎዳም፤ ሰርቨሩም ተነሥቶ ያስተካክለዋል። ኃይሉ ደጋግሞ በሚጠፋበት፣ ሰርቨሩም በሞተበት ሕንፃ ግን በየሌሊቱ የምታዩት እኔ ያየሁትን ነው። ከደረጃውና ከመተላለፊያው ውጭ ያሉትን ድራይቨሮች የመጀመሪያውን ቁጥር 255 ብንልላቸው ኖሮ ከመጥፋታቸው በፊት ወደ ነበሩበት ይመለሱ ነበር፤ ጠፍተው ከነበረም ጠፍተው ይቆዩ ነበር። የአንድ አኃዝ ልዩነት ነው። በርክክቡ ቀን አልጠየቅሁም።

በሌላ ቀን ወደ ሕንፃው ሄድሁ። የጥገና ባለሙያው በአክብሮት ተቀበለኝ። ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቀው፣ «ዶክተር፣ እሱ ነገር እኮ ድሮ ቀርቷል፤ እኛ በብሬከር ነው የምናጠፋው» አለኝ። ማታ ማታ ጥበቃው ፎቅ ለፎቅ እየወጣ ብሬከር ያወርዳል፤ አምሽቶ የሚሠራ ተከራይ ካለ ፎቁ በሙሉ እንደበራ ያድራል። ድራይቨር ሲቃጠል ከመርካቶ ማንኛውንም የሚገጥም አምጥቶ ይተካል። ትክክለኛውን ቢያመጣም ኖሮ አዲሱ አድራሻ የለውምና በቡድን ሲጠሩት አይሰማም። የአድራሻው ዝርዝር የት እንዳለ ጠየቅሁት። «ልጁ ላፕቶፑ ላይ ነበር» አለ። ልጁ ሥርዓቱን ያስጀመረው የተቋራጩ ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ውጭ አገር ሄዷል። የሰርቨሩንም የይለፍ ቃል የሚያውቀው እርሱ ነበር።

ጥፋተኛው ያ ወጣት አይደለም። ቢሮዬ ገብቼ የርክክቡን ሰነድ አወጣሁ። የመብራቶች ብዛት ተቆጥሯል። የሽቦው ኢንሱሌሽን ተለክቷል። ሴንሰሮቹ በፊታችን በርተው ጠፍተው ታይተዋል፤ ያን ቀን አጨብጭበናል። የአድራሻ ዝርዝር፣ የፕሮግራሙ ቅጂ፣ የይለፍ ቃል የሚል አንድም መስመር የለም። ከሥር ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ይህ የእኛ ድህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዊልብራሃም በተባለ ከተማ፣ ሚኔቻግ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ሕንፃው ሲሠራ ኃይል ቆጣቢ ተብሎ በኔትወርክ የሚታዘዝ የመብራት ሥርዓት ተገጠመለት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 የቁጥጥር ሶፍትዌሩ ወደቀ፤ ሥርዓቱም እንደ ተነደፈው መብራቱን አብርቶ ተቀመጠ። ወደ 7,000 የሚጠጉ መብራቶች እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ማንም ሊያጠፋቸው ሳይችል በሩ። መምህራን ፊልም ለማሳየት አምፖል እስከ መንቀል ደርሰዋል። ሥርዓቱን የገጠመው ድርጅት ባለቤትነቱ ተለዋውጦ ነበር፤ የሚያውቀውን ሰው ማግኘት ብቻ ሳምንታት ወሰደ። ገንዘብ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ያጡት እኛ ያጣነውን ነው።

በተቃራኒው የተሳካውን ብታዩ ደግሞ፣ በኒው ዮርክ የሬንዞ ፒያኖ ሥራ የሆነው ባለ 52 ፎቁ የኒው ዮርክ ታይምስ ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት የአንድ ፎቅ ክፍል በሙሉ መጠኑ ተሠርቶ፣ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የቀን ብርሃኑንና የመብራቱን ምላሽ ለወራት ለክተውበታል። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲከፈት መብራቶቹ ፍሎረሰንት ነበሩ፤ ኤል.ኢ.ዲ. ገና አልደረሰም። የሥራው ምሥጢር አምፖሉ አልነበረም። ባለቤቱ ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ አወቀ፣ የገዛውንም ለክቶ ተረከበ።

ስለ ቁጠባው ጥቂት ልበል፤ ሻጮች የሚጀምሩት ከዚህ ነውና። በሰሜን አሜሪካ በ114 ሕንፃዎች መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በኔትወርክ የሚታዘዙ ሥርዓቶች በአማካይ 47 በመቶ የመብራት ኃይል እንደሚቆጥቡ አሳይቷል፤ ይሁን እንጂ ከሕንፃ ሕንፃ ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። 2,000 መብራቶች ያሉት ሕንፃ በዓመት 3,000 ሰዓት ይሠራል እንበል። እያንዳንዱ መብራት 90 ዋት በሚወስድበት በፍሎረሰንቱ ዘመን ፍጆታው 540,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ሲሶውን ብንቆጥብ 180,000። በ40 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. ግን ጠቅላላው 240,000 ነው፤ ሲሶው 80,000 ብቻ። በዚያ ላይ «የጠፋ» ድራይቨር ትእዛዝ እየጠበቀ ጥቂት ኃይል ይወስዳል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እስከ 0.5 ዋት ይፈቅዳል። 2,000ዎቹ በጠፉባቸው 5,760 ሰዓታት 5,760 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ ማለት ነው። አምፖሉ በተሻሻለ ቁጥር መቆጣጠሪያው የሚቆጥበው ያንሳል፤ ዋጋው ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም።

ስለዚህ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼን የማያስደስት አቋም አለኝ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ትርቃለች፤ ረጅሙና አጭሩ ቀናችን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። የቢሮ ሰዓታችን ዓመቱን ሙሉ በቀን ብርሃን ውስጥ ያርፋል፤ የሰሜን አውሮፓ መሐንዲስ በታኅሣሥ የሚመኘው ይህን ነው። ታዲያ በብዙዎቹ መካከለኛ ሕንፃዎቻችን የመስኮቱን ረድፍ ከውስጠኛው ረድፍ የሚለይ ሁለተኛ ማብሪያ፣ በመጸዳጃ ቤትና በደረጃ ላይ ደግሞ ከማንም ጋር ያልተገናኘ ተራ ሴንሰር፣ ከሰርቨሩ የተሻለ ያገለግላል። ሰርቨር ለሌለው ሕንፃ የይለፍ ቃል አይጠፋበትም። በኔትወርክ የሚታዘዘው ሥርዓት ተገቢ የሚሆነው ክፍፍሉ ዘወትር ለሚለዋወጥ ትልቅ ሕንፃ፣ ለዚያውም ሥርዓቱን የሚያውቅ ቋሚ ሠራተኛ ካለው ነው።

(የሰዓት ሰሌዳውን ነገር በጨረፍታ ልንካው፦ ሶፍትዌሩ እንቁጣጣሽን በሴፕቴምበር 11 ከመዘገበ፣ በዓሉ ወደ 12 በሚያልፍበት ዓመት ሠራተኛ የሌለበት ሕንፃ ጠዋት ይበራል። የበጋ ሰዓት የሚባለው የፈረንጆች ልማድ ካልተዘጋ ደግሞ በማርች ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ይዛነፋል።)

ሽቦ አልባዎቹን መርጠን ዝርዝሩን ብንገላገልስ የሚል ጥያቄ ካሁን በፊት ቀርቦልኛል። ዝርዝሩ እዚያም ያስፈልጋል፤ ተጨማሪ ሥጋትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲ ሻሚር ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን በቤርሳቤህ ከተማ ባለ የቢሮ ሕንፃ የተገጠሙ ሽቦ አልባ አምፖሎችን ከ350 ሜትር ርቀት በድሮን ተቆጣጥሮ ብልጭ ድርግም አድርጓቸዋል። አምራቹ ጉድለቱን በማሻሻያ ዘግቶታል፤ ማሻሻያ ማለት ግን እንደገና የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው ማለት ነው።

ዛሬ የርክክብ ሰነድ ሲቀርብልኝ ሳልፈርም የማደርገው አንድ ነገር አለ። ተቋራጩ በሌለበት፣ የባለቤቱ የጥገና ሠራተኛ በራሱ ኮምፒውተር ገብቶ አንድ ድራይቨር ነቅሎ አዲስ እንዲተካና አድራሻ እንዲሰጠው እጠይቃለሁ። ከዚያ ዋናውን ብሬከር አውርደን እንመልሳለን፤ የሚበራውንና ጠፍቶ የሚቆየውን ቆመን እናያለን። ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሁለት ተቋራጮች ተቆጥተውብኛል።

ያ ባለ 11 ፎቅ ሕንፃም አልቀረም። ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቄ ዝርዝሩን ያለ ክፍያ እንደገና ለማውጣት ተስማምተናል፤ ከኋላ የተቀመጡት ሦስት የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች በየቅዳሜው መሰላል ይዘው አብረውኝ ይሄዳሉ። አሁን አራተኛው ፎቅ ላይ ነን። ከ64ቱ አድራሻዎች 41ዱን ከቦታቸው ጋር አገናኝተናል። አሥራ አምስቱ በመርካቶ ድራይቨር ተተክተዋል። ስምንቱ ለጥሪያችን «አዎን» ይላሉ፤ የት እንዳሉ ግን እስካሁን አላገኘናቸውም፤ ምናልባት አዲስ ከተሠራው የጂፕሰም ኮርኒስ በላይ ናቸው። በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንቀጥላለን፤ መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን ለእነርሱ ስጡ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።